ትልቅ ያገለገለ ጀልባ ጣና ላይ እንዴት ይሸጣል? ከዝግጅት እስከ ርክክብ

ባሕር ዳር የሐይቁን ዳር ይዛችሁ ብትሄዱ "ይሸጣል" የሚል የተጻፈባቸው ትልልቅ ጀልባዎች ታያላችሁ። የአንዳንዱ ጽሑፍ ፀሐይ በልቶት ደብዝዟል። ባለቤቱን ብትጠይቁት መልሱ "ገዥ ጠፋ" ነው።

ገዥማ አልጠፋም። ስምንት አሥር ሰው የሚጭን ባለ አንድ ሞተር ጀልባ ቶሎ ሰው ያገኛል። እዚያው ቆሞ የሚቀረው ትልቁ ነው። 30 እና 40 ሰው የሚይዘው፣ ሁለት ሞተር ያለው፣ ለረጅም መንገድ ተብሎ የተሠራው።

የአውሮፕላኑ ገበያም ከዚህ አይለይም። ኤርባስ ኤ340 አራት ሞተር ይዞ ሩቅ ይሄዳል። ባለሁለት ሞተሩ ቦይንግ 777 ያንኑ ርቀት ባነሰ ነዳጅ መሄድ ሲጀምር ግን ፈላጊው ሸሸ፤ ምርቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ቆመ። ሲንጋፖር አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2007 መቀበል የጀመረው ግዙፉ ኤ380ም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ከአሥር ዓመት ኪራይ በኋላ ሲመለሱ ሁለቱን የሚወስድ አየር መንገድ አልተገኘም። ፈረንሳይ ውስጥ ታርብ ላይ ተበታትነው በዕቃ ተሸጡ። የአሥር ዓመት አውሮፕላን አርጅቷል አይባልም። የጠፋው በሱ ልክ ሥራ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ ጀልባ እሸጣለሁ ብላችሁ አትነሱ። የምትሸጡት በዚያ ጀልባ የሚሠራ ሥራ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል። እኔ የአጎቴን የብረት ጀልባ ለመሸጥ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል፤ የተሳሳትኩትንም አብሬ እጽፋለሁ።

1. መጀመሪያ ገዥውን በወረቀት ላይ ፈልጉ

ደብተር አውጡ። ጀልባችሁ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ አንድ በአንድ ጻፉ፦

- ቱሪስት ወደ ዘጌ ገዳማት፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ እንጦስ
- መንገደኛ ወደ ደቅ ደሴት፣ ወደ ቁንዝላ፣ ወደ ደልጊ፣ ወደ ጎርጎራ
- ጭነት
- የማኅበርና የጉዞ ሰው ለክብረ በዓል
- የሆቴልና የሪዞርት መዝናኛ
- ሌላ ሐይቅ

ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ያንን ሥራ ዛሬ የሚሠራ ወይም ሊጀምር ያሰበ፣ በስም የምታውቁትን ሰው ጻፉ። "ባለሀብቶች" ብላችሁ አትጻፉ። ባለሀብት የሚባል ገዥ የለም። ያለው ዘጌ ዘመድ ያለው፣ አንድ ትንሽ ጀልባ ያለችው፣ በጥምቀት ሰሞን ሰው ሲመልስ የሚቆጨው ሰውዬ ነው።

አምስት ስም ካልሞላ ዋጋ ለማውጣት አትቸኩሉ። ወደ ጀልባ ማኅበራት፣ ወደ ሆቴሎች፣ ወደ ጎርጎራ ደውሉና ዝርዝሩን ሙሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ገዥ ሳይመጣ ወንበር አትቀይሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይከስራል። አየር መንገዶችም ያገለገለ ትልቅ አውሮፕላን የሚሸሹበት አንዱ ምክንያት የሌላውን ወንበር ነቅሎ የራስን መግጠም ውድ መሆኑ ነው። ለቱሪስት ብላችሁ ስፖንጅ ወንበር ታስገጥማላችሁ። ከዚያ የሚመጣው ገዥ ጤፍና ሲሚንቶ ሊጭንበት ነው። ወንበሩን ነቅሎ ይጥለዋል፤ ወጪውን እናንተ ትውጡታላችሁ። ይልቅ አንድ ብየዳ ቤት ሄዳችሁ "ወንበሩ ቢነሳ ስንት ይፈጃል?" ብላችሁ ዋጋውን በወረቀት ያዙ። ለገዥው ያንን ወረቀት አሳዩት።

2. ጊዜውን ምረጡ

የጣና ውሃ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል፣ በመስከረም ይሞላል። የቱሪስቱ ወቅት ከጥቅምት ይጀምራል። ጥር 11 ጥምቀት አለ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ ወደ ዘጌ የሚሻገረው ሰው ብዙ ነው።

ስለዚህ፦

- ግንቦትና ሰኔ፦ ጀልባውን አውጡ፣ አጽዱ፣ መርምሩ። ሥራም ቀዝቃዛ ነው።
- ነሐሴ፦ ማስታወቂያ ጀምሩ።
- መስከረም፦ አሳዩ፣ ተዋዋሉ።

የካቲት ካለፈ በኋላ የሚመጣ ገዥ ሰባት ወር አቁሞ እንደሚጠብቅ ያውቃል። ዋጋ የሚሰብረውም ለዚህ ነው። ግዴታ ካልሆነባችሁ በመጋቢት አትሽጡ።

3. ወረቀቱን ከጀልባው በፊት አስተካክሉ

አንድ ቀን ስጡት። ፌስታል ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉ።

1. የጀልባው ምዝገባና ፈቃድ በማን ስም ነው? በሟች አባት ስም ከሆነ መጀመሪያ የውርስ ጉዳዩን ጨርሱ።
2. ባልና ሚስት ካላችሁበት የሁለታችሁም ፊርማ ያስፈልጋል። "እሷ ተስማምታለች" ማለት አይበቃም።
3. በሞተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ከወረቀቱ ቁጥር ጋር አንብቡ። አንድ ሰው ያንብብ፣ ሌላው ያመሳክር። ሞተር ተቀይሮ ወረቀቱ ያልተቀየረበት ጀልባ ብዙ ነው።
4. የባንክ ወይም የብድርና ቁጠባ ዕዳ ካለበት የነጻ ደብዳቤ አምጡ።
5. ግብር የተከፈለበትን ደረሰኝ አያይዙ።
6. የጥገና ደረሰኝ ያላችሁን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል ደርድሩ።

ስድስተኛውን አትናቁት። በአውሮፕላን ንግድ ዕድሜው የተወሰነለት የሞተር ዕቃ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሠራ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው ደህና ሆኖም ዋጋ የለውም። እዚህ እንደዚያ አይከርርም። ግን "ባለፈው ዓመት ፒስተን ተቀይሯል" ከሚለው አፍ ይልቅ ዘይት የነካው ደረሰኝ ይታመናል።

*ቁጥሩ ካልተመሳከረስ?* ለገዥው ከማሳየታችሁ በፊት ወደ ተመዘገበበት ቢሮ ሄዳችሁ አስተካክሉ። በድርድር መሃል ከተገኘ ገዥው ሌባ ነው የሚላችሁ።

4. ሞተሩን መርምሩ

ገዥው አብዛኛውን ገንዘብ የሚከፍለው ለሞተሩ ነው። ስለዚህ እዚህ ጋ ጊዜ አትቆጥቡ። መካኒክ ጥሩ፤ እናንተም አጠገቡ ቁሙ።

ሀ. የጊር ዘይት። የታችኛውን ብሎን ፍቱና ትንሽ ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀበሉ። ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ጎሚኒው ይቀየር። ብልጭ ብልጭ የሚል ብረት ካለበት ጥርሱ እየተበላ ነው። ይህን ይዛችሁ ወደ ገበያ አትውጡ።

ለ. ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት። ሞተሩን አሙቁ። ካንዴላዎቹን በሙሉ ፍቱ። ጋዙን ሙሉ ክፈቱ። እያንዳንዱን ሲሊንደር ለኩና ጻፉ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ካለፈ ችግር አለ። ቁጥሩ በራሱ ከመጽሐፉ ዝቅ ቢል አትደንግጡ። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው።

ሐ. የማቀዝቀዣ ውሃ። ሞተሩ ሲነሳ ከጎኑ የሚተፋው ውሃ ቀጥ ያለና ጠንካራ ይሁን። እንደ ሽንት የሚንጠባጠብ ከሆነ ወይ መግቢያው ተደፍኗል ወይ ፓምፑ ውስጥ ያለው ጎማ አልቋል። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ የሠራ ጀልባ ከሆነ በመጀመሪያ እምቦጭን ጠርጥሩ። ሥሩ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ ቅጠሉ ውሃ መግቢያውን ይዘጋል፣ ሞተሩ ሳይታወቅ ይግላል። ፕሮፔለሩን ፍቱና ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ክር ወይም መረብ እንዳለ እዩ። ከአጎቴ ጀልባ አንድ ክንድ የሚሆን የአሣ መረብ አውጥተናል።

መ. ጉልበት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ በግምት 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። ጣና ላይ 40 ፈረስ ጉልበት የተባለው 33 ገደማ ነው የሚሰጣችሁ። ከቦሌ የሚነሳው የዋሽንግተን በረራ ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ የሚሞላበት፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ከፍታ ነው። ገዥው "ሞተሩ ደከመ" ሲላችሁ መልሱን እወቁት። ደግሞ ፕሮፔለሩ ለከፍታ የሚስማማ መሆኑን መካኒኩን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሞተር የደከመ የሚመስለው ፕሮፔለሩ ስለከበደው ነው፤ ፕሮፔለር መቀየር ደግሞ ሞተር ከመጠገን ይረክሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ካርቡራተሩ ለጣና ከፍታ ተስተካክሎ ከሆነና ገዥው ወደ ዝቅተኛ ቦታ የሚወስደው ከሆነ ይህን ሳትነግሩ አትሽጡ። ሐዋሳ ከኛ ብዙ አይለይም። አባያና ጫሞ ግን 1,100 ሜትር አካባቢ ናቸው። የህዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ 640 ሜትር ላይ ነው። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ፒስተኑ ይቀልጣል። ከዚያ ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን ስድብ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሠ. የቆመ ሞተር። ለወራት ያልተነሳ ከሆነ በገዥው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አታስነሱት። የቆየውን ቤንዚን ድፉ። ካርቡራተሩን አስጠቡ። ባትሪውን ቻርጅ አድርጉ። ቱ-ስትሮክ ከሆነ ቅልቅሉን እንደ ሞተሩ መመሪያ አድርጉ፤ በብዙዎቹ 50 ሊትር ቤንዚን ለ1 ሊትር ዘይት ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ውሃ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ አስነሱት፤ እስኪሸጥ ድረስ።

5. ቀፎውን አትቀቡት

ሰው ሊሸጥ ሲል የመጀመሪያ ሥራው ቀለም መግዛት ነው። ተዉት። አዲስ ቀለም ያየ ገዥ መጀመሪያ የሚያስበው "ምን ሸፈነ?" ነው። እጠቡት፣ አልጌውን ፈግፍጉ፣ የዛገውን አሳዩ።

ፋይበር ግላስ ከሆነ በካቻቢቴ እጀታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንኳኩ። ጥርት ያለ ድምፅ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ በሰጠበት ቦታ ውሃ ገብቷል ወይም ንብርብሩ ተላቋል። በጠመኔ አክብቡት። ብረት ከሆነ ውሃው የሚያርፍበትን መስመር በመዶሻ መታ መታ አድርጉ። አየርና ውሃ የሚፈራረቁበት ስለሆነ ብረት መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው። ብየዳ ካስፈለገው አስበይዱ፤ ብየዳው ግን ይታይ።

6. አንድ ቁጥር አውጡ፦ ሊትር

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ታደርጋላችሁ ብባል ይህን እመርጥ ነበር። ገዥው ሌሊት ከሚስቱ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያሰላው ነዳጁን ነው።

1. ማጠራቀሚያውን እስከ አንድ ምልክት ድረስ ሙሉ።
2. የሚጭነውን ያህል ክብደት ጫኑ። ሰው ካጣችሁ አሸዋ በጆንያ።
3. ጠዋት ውሃው ሳይነሳ ከባሕር ዳር ዘጌ ሂዱ፣ ተመለሱ። ደቂቃውን ያዙ።
4. እዚያው ምልክት እስኪደርስ በሊትር እየለካችሁ ሙሉ።
5. በማግስቱ በአንድ ሞተር ብቻ ድገሙት።

አምስተኛው ለምን? ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ቱ-ስትሮክ ሞተር ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው በሰዓት ከ15 እስከ 20 ሊትር ይጠጣል። ሁለት ከሆነ ገዥው ገና ሲያየው ያልበዋል። ብዙ ሥራ ግን በአንዱ ሞተር ቀስ ተብሎ ይሠራል፤ ሁለተኛው ለማዕበልና ለክፉ ቀን ይቀመጣል። የአጎቴን ጀልባ የገዛው ሰው ዓይኑ የበራው የአንድ ሞተሩን ሊትር ሲሰማ ነው። "ቆይ፣ እንደገና በለኝ" አለ። ደብተሩን ሰጠሁት።

7. ዋጋ አውጡ፣ ከታች ወደ ላይ

"ስገዛው ይህን ያህል አውጥቻለሁ" የሚለውን እርሱት። ገዥው አይመለከተውም።

መጀመሪያ የመሬቱን ዋጋ እወቁ፤ ማለትም ጀልባው ቢበታተን የሚያወጣውን። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ብቻ ናቸው፦ ሁለቱ ሞተሮች ለየብቻ ቢሸጡ 250,000 እና 250,000። ቀፎው 300,000። ድምሩ 800,000። ማስፈቻ፣ ማጓጓዣና ደላላ 80,000። የቀረው 720,000 ነው። ከዚህ በታች የሚጠራ ሰው ላይ አትቆጡ፤ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

ከዚያ ጣሪያውን አውጡ። ያው ሥራ በትናንሽ ጀልባዎች ቢሠራ ስንት ይፈጃል? ትልቁ ከዚያ በላይ ሊያወጣ አይችልም። ዋጋችሁ በሁለቱ መካከል ነው፤ መጀመሪያ የምትጠሩት ደግሞ ለመደራደሪያ አሥር በመቶ ያህል ከፍ ይበል። እጥፍ አትጥሩ። እጥፍ ከጠራችሁ ሰው አይደራደርም፣ ዝም ብሎ ላሽ ይላል።

8. ማስታወቂያው

እንዲህ አትጻፉ፦ "ምርጥ ጀልባ፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ፣ ዋጋ በስምምነት። አስቸኳይ!" አስቸኳይ የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋችሁን ይቆርጠዋል።

እንዲህ ጻፉ፦ "የብረት ጀልባ፣ 38 ሰው፣ 12 ሜትር። ሁለት ያማሃ 40። ኮምፕሬሽኑ በሐምሌ ተለክቷል፤ ወረቀቱ አለ። ባሕር ዳር–ዘጌ ደርሶ መልስ ተጭኖ በሁለት ሞተር 42 ሊትር፣ በአንድ ሞተር 27። ከኋላ በግራ በኩል አንድ ብየዳ አለው፤ ፎቶው ላይ ይታያል። ምዝገባው በሻጩ ስም ነው።"

ፎቶ ዘጠኝ ይበቃል። አራቱ ከአራቱም ጎን፣ ሁለቱ ሞተር፣ አንዱ የሞተር ቁጥር፣ አንዱ የታችኛው ክፍል ከውሃ ውጭ፣ አንዱ የተበየደው ቦታ። ከሞተሩ ቁጥር የመጨረሻ ሁለቱን አሃዞች ሸፍኑ። ማንጎ ፓርክ ቁጭ ብላችሁ ከጀልባው ጋር የተነሳችሁትን ሰልፊ ለራሳችሁ አስቀምጡ።

ደላላ ከያዛችሁ ድርሻውን በመቶኛ ጽፋችሁ አስፈርሙት። ለአንድ ደላላ ብቻ ስጡ፤ የጊዜ ገደብም አስቀምጡለት። ሦስት ደላላ ሦስት የተለያየ ዋጋ ከጠራ ገዥው የት እንደሚጎትት ያውቃል።

9. ሙከራ ጉዞ

ጠዋት ጣና እንደ መስተዋት ነው፣ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል። ልምድ ያለው ገዥ ከሰዓት ይጠይቃል። እሺ በሉት፤ ሁለቱንም አሳዩ። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት በሰው ልክ ይኑር፤ ሳትለብሱ አትነሱ።

ከመነሳታችሁ በፊት የነዳጁ ወጪ የማን እንደሆነ ተነጋገሩ። የኔ ልማድ፦ የመጀመሪያው ጉዞ የሻጩ፣ ሁለተኛው የገዥው። ሦስተኛ ጉዞ የሚጠይቅ ሰው ዘመድ አዝማዱን ሊያዝናና ነው።

መሪውን ለገዥው ስጡት። ዝም በሉ። እኛ ሻጮች እዚህ ላይ አፋችን አያርፍም፤ ሰውዬው ሞተሩን መስማት ይፈልጋል።

*መሃል ላይ ሞተሩ ቢጠፋስ?* አትቀልዱበት። ሁለተኛውን አስነሱ፣ ተመለሱ፣ ምክንያቱን ፈልጋችሁ በዚያው ቀን ንገሩት። አብዛኛውን ጊዜ የቤንዚን ማጣሪያ ነው። ምክንያቱን ሳይሰማ የሄደ ገዥ አይመለስም።

10. ቀብድና ውል

እዚህ ጋ እኔ ተቀጥቻለሁና ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

በመጀመሪያው ክረምት አንድ የዘጌ ሰው መጣ። ዋጋ ተስማማን። ቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ቡና ቤት ቁጭ ብለን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ "ቀብድ 20,000 ተቀብያለሁ" ብዬ የአጎቴ ወኪል ሆኜ ፈረምኩ። ቀሪውን በ20 ቀን ሊያመጣ። በስምንተኛው ቀን ሌላ ሰው ደውሎ 60,000 ጨምሮ ጠራ። እኔም ገና ልጅ ነበርኩና የመጀመሪያውን ጠርቼ "ጋሼ፣ ቀብድዎን ይውሰዱ" አልኩት። ሳቀ። "ልጄ፣ የሰጠሁህ ሃያ ነው፤ የምትመልስልኝ አርባ ነው" አለኝ።

ልክ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሽማግሌ ገብቶም ከአርባ ፈቅ አላለም። አርባውን ከፈልኩ። የ60,000ው ሰውዬ? ስልኩን ዘጋ። ጀልባዋ ሌላ ዓመት ቆመች።

ስለዚህ፦

1. ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት በደብተራችሁ ላይ ላሉት ሁሉ ደውሉ። ከተቀበላችሁ በኋላ ስልክ ቢደወል "ተሸጧል" በሉ።
2. ወረቀቱ ላይ "ቀብድ" ወይስ "ቅድሚያ ክፍያ" እንደሆነ በግልጽ ጻፉ። ቃሉ ውጤት አለው።
3. ቀሪው የሚከፈልበትን ቀን በቁጥር ጻፉ። "በቅርቡ" ቀን አይደለም።
4. የምታውቁትን ጉድለት ሁሉ ውሉ ውስጥ ዘርዝሩ። "ባለበት ሁኔታ ተሸጧል" የሚለው ሐረግ አውቆ የደበቀን ሻጭ አያድነውም።
5. ወረቀቱ ላይ የሞተሮቹን ቁጥር፣ የመልሕቁን፣ የጃኬቶቹን ብዛት ጻፉ።
6. ፊርማው ውልና ማስረጃ ይሁን። ቡና ቤት ይበቃል ብላችሁ እንደኔ አትሁኑ። በውክልና የምትሸጡ ከሆነ ውክልናው "መሸጥ" የሚል ቃል እንዳለው አረጋግጡ፤ "ማስተዳደር" ብቻ ከሆነ አይሠራም።

ክፍያ። በስልክ የሚላክ የባንክ ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። ሒሳባችሁ ውስጥ መግባቱን ራሳችሁ እዩ። ሲፒኦ ከሆነ ያወጣው ባንክ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ቁልፉ ከዚያ በፊት ከኪሳችሁ አይውጣ። በየወሩ እከፍላለሁ የሚል ገዥ ከመጣ ስሙ እስኪከፈል አይዞርም፤ ይህም በውሉ ይግባ።

11. ስድስት ወር አልፎ ወፍ ከሌለ

ሦስት መንገድ አለ። በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩት።

*አከራዩት።* ለአንድ ወቅት፣ የሚገዛበትን ዋጋ አስቀድማችሁ ጽፋችሁ። ተከራይ ሆኖ የገባ ብዙ ጊዜ ገዥ ሆኖ ይወጣል። ነጂውን ግን እናንተ ምረጡ።

*አንዱን ሞተር ነጥላችሁ ሽጡ።* ባለ አንድ ሞተር ሆኖ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ጭነት የሚፈልገው ይኖራል። ሁለት ሞተር ያስፈራው ሰው ተመልሶ ይመጣል።

*በታትኑት።* ከባዱ ይህ ነው። ግን የኤ380ዎቹ ባለቤቶችም ስሌታቸው ይኸው ነበር፤ ቆሞ ከሚበላው ተፈትቶ የሚያወጣው በለጠ። ሞተሮቹን አስቀድሙ፤ እየቆዩ ዋጋ የሚያጡት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ባትሪ፣ መሪ፣ ማጠራቀሚያ። ቀፎው መጨረሻ። የብረት ቀፎ በኪሎ ከመሸጡ በፊት አሣ ቤት ያላቸውን ሰዎች ጠይቁ፤ ዳር ላይ ተቀምጦ የጠበሳ ቤት ሊሆን ይችላል። አንዴ መፍታት ከጀመራችሁ አትቁሙ፤ ግማሹ የተፈታ ጀልባ ከሙሉውም ከዕቃውም ያነሰ ዋጋ ነው ያለው።

12. ርክክብ

ገንዘቡ ገባ፣ ፊርማው አለቀ። ያው ቀን እነዚህን ጨርሱ፦

- የምዝገባው ስም መዞሩን ራሳችሁ ቢሮ ሄዳችሁ እዩ። በስማችሁ ያለ ጀልባ ሰው ቢያሰጥም የሚጠራው እናንተን ነው።
- የርክክብ ወረቀት፣ ቀንና ሰዓት፣ ሁለት ምስክር።
- ገዥው ጀማሪ ከሆነ ነጂያችሁን ለሦስት ቀን አውሱት። ሞተር የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ጥፋቱም ወደ ሻጩ ይዞራል።
- የጥገና ደረሰኞቹን ዋናውን ስጡ፣ ኮፒውን አስቀሩ።
- ከጀልባው ጎን የተጻፈውን ስልክ ቁጥራችሁን በቀለም አጥፉ። አዎ፣ ቀለም የሚያስፈልገው አሁን ነው። አጎቴ ይህን ረስቶ ሸጠ። እስከ ዛሬ ዓርብ ማታ ስልኩ ይጠራል፤ "ነገ ለአሥራ አምስት ሰው ዘጌ ትሄዳለች?"